ስለ ዶሮ፣ ስለ ዳክዬና ስለ ቤት ውሃ

በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ባለው አገር የመጠጥ ውሃ በልፋት የሚገኝ ነገር ነው። በበጋ ወራት አንዲት ልጅ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች፤ ተራዋን ጠብቃ ትቀዳለች፤ ዳገቱንም እያለከለከች ትወጣለች። ቤት ስትደርስ ሸክሟን ከደጃፍ ታሳርፍና በጣሳ ቀድታ ትጠጣለች፤ የተረፈውንም ከነጣሳው መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች። ወዲያው ዶሮይቱ ከነጫጩቶቿ ትመጣለች። እናቲቱ ከጣሳው ትጠጣለች፤ ጫጩቶቹም አንዱ በአንዱ ላይ እየተንጠላጠሉ እግራቸውን ይነክራሉ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ እየዳኸ ይመጣና ያንኑ ጣሳ አንሥቶ አፉ ላይ ይደፋዋል።

ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ «እሽ!» ብሎ ዶሮዋን ያባርራል እንጂ ውሃውን አይደፋም። ከሩቅ የመጣ ውሃ ነውና ያሳሳል። እኛም ይህን ችግር ስለምናውቅ ውሃ በከንቱ ይፍሰስ አንልም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የወፍ ውሃና የሰው ውሃ በዕቃም፣ በቦታም የተለያየ መሆን አለበት የሚለው ነው። ይህ ከሆነ ዶሮዋም ትጠቅማለች፣ ልጁም ይድናል፣ ከሩቅ የመጣውም ውሃ አይባክንም።

ወፎች ውሃ እንዴት ይጠጣሉ?

ዶሮ እንደ ላም ውሃን ስባ መጠጣት አትችልም። ምንቃሯን ነክራ ጥቂት ትጨልፍና ራሷን ወደ ላይ ቀና ታደርጋለች፤ ውሃውም በራሱ ክብደት ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። «ዶሮ እንኳ ውሃ ስትጠጣ ቀና ብላ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች» እያሉ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አሉ። ጨዋታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ምንቃሯን በነከረች ቁጥር በላዩ ያለው አፈርና ቆሻሻ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከዚህም በላይ ዶሮ ቀኑን ሙሉ መሬት ስትጭር ስለምትውል እግሯ ንጹሕ አይደለም። በዕቃው ከንፈር ላይ ስትቆምም ኩሷን ወደ ውስጥ ትጥላለች።

ዳክዬና ዝይ በዚህ ነገር ከዶሮ ይብሳሉ። በእኛ አካባቢ ጓሮ ዋናዋ የቤት ወፍ ዶሮ ናት፤ ዳክዬና ዝይ ማርባት በደጋው አገራችን ብዙ የተለመደ አይደለም። ዝይን በይበልጥ የምናውቀው በዱር ነው፤ እንዲያውም ክንፉ ሰማያዊ የሆነው ዝይ የኢትዮጵያ ደጋ ልዩ ወፍ ነው። ይሁን እንጂ ከከተማ አይቶ «እኔም ዳክዬ ላርባ» የሚል ሰው ቢኖር፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የወፉን ጠባይ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ዳክዬ ውሃ የሚፈልገው ለመጠጥ ብቻ አይደለም። የምንቃሩ ዳርና ዳር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ስለ ሆነ፣ ውሃና ጭቃ ወደ አፉ አስገብቶ ያጠልልና የሚበላውን ያስቀራል። ዓይኑንና የአፍንጫውን ቀዳዳ የሚያጥበው ራሱን ውሃ ውስጥ እየነከረ ነው፤ ይህን ካላገኘ ዓይኑ ሊታመም ይችላል። ላባውን በውሃ ያጥባል፤ ከጅራቱ በላይ ካለው ዕጢ የሚወጣውንም ቅባት በምንቃሩ እየወሰደ ይቀባዋል። ደረቅ መኖ ሲሰጠው ደግሞ ጥቂት በልቶ ወደ ውሃው ይሮጣል፤ በአፉ የያዘውን እዚያው ያጥበዋል። ኩሱም ቀጭንና ውሃ የበዛበት ነው። ስለዚህ ጠዋት የተቀዳለት ንጹሕ ውሃ ቀትር ሳይደርስ ይደፈርሳል፤ ዙሪያውም ጭቃ ይሆናል። ይህ ተፈጥሮው ነው፤ ቢቆጡት አይማርም። መማር ያለብን እኛ ነን።

ጉዳቱ በማን ላይ ይደርሳል?

የወፍ ሰውነት ከሰው ይልቅ ሞቃት ነው፤ ሙቀቱ ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይደርሳል። ካምፒሎባክተር የሚባለው ጀርም ይህን ሙቀት ይወዳል። በዶሮና በዳክዬ አንጀት ውስጥ ብዙ ጊዜ ወፏን ሳያሳምም ይኖራል፤ ከኩሷም ጋር ይወጣል። ስለዚህ «ዶሮዬ ደኅና ናት፣ እንቁላሏንም በደንብ ትጥላለች» ማለት ኩሷ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ይህ ጀርም በውሃ ወይም በእጅ አማካይነት ወደ ሰው ሆድ ሲገባ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና ትኩሳት ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ተቅማጡ ደም የተቀላቀለበት ይሆናል። ሳልሞኔላ የሚባለውም ሌላው ጀርም እንዲሁ ከወፍ ኩስ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል።

ከቤተሰቡ ሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ገና መዳህ የጀመረው ሕፃን ነው። እርሱ መሬት ላይ ይውላል፤ ያገኘውን ሁሉ አንሥቶ ወደ አፉ ያስገባል፤ ኩስና ጥሬ ለይቶ አያውቅም። በፔሩ አገር በሊማ ከተማ ዳርቻ የተደረገና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። አጥኚዎቹ ዶሮዎች እንደ ልባቸው በሚዘዋወሩበት ቤት ተቀምጠው ሕፃናትን ሲመለከቱ፣ ልጆቹ በአንድ ቀን ውስጥ ኩስ የነካ ነገር ደጋግመው ወደ አፋቸው ሲወስዱ አይተዋል። ሊማ ሩቅ ናት፤ ነገር ግን የሕፃን ጠባይ በየትም አገር አንድ ነው።

ተቅማጥ ሲደጋገም የሚያስከትለው ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛው ወዲያው የሚታየው ነው፤ የሕፃኑ ሰውነት ውሃ ያጣል፤ ዓይኑ ይሰረጉዳል፤ ቶሎ ካልተረዳም ሊሞት ይችላል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። አንጀቱ በየጊዜው ሲቆስል የበላው ምግብ ለሰውነቱ በሚገባ አይደርስም፤ ልጁም ይቀነጭራል፤ ከእኩዮቹ ያንሳል። እናቲቱ «ልጄ ይበላል፤ ግን አልፋፋ አለኝ» ስትል ብዙ ጊዜ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ዶሮ ይወገድ ወይ?

አንዲት አሮጊት እናት ስለዚህ ነገር ስናስረዳ ሰምተው እንዲህ አሉን፦ «ልጄ፣ ዶሮ አርቡ፣ ለልጅ እንቁላል ስጡ የምትሉን እናንተው ናችሁ። ዛሬ ደግሞ ዶሮ ልጅ ታሳምማለች ትሉናላችሁ። የቱን እንያዝ?»

«እማማ፣ እውነትዎን ነው» አልናቸው። «ዶሮዋን ይያዙ። እንቁላሏንም ለልጁ ይስጡ። ከውሃውና ከመኝታው ግን ያርቋት።»

ይህን የምንለው እንዲሁ በግምት አይደለም። በኢትዮጵያ ገጠር ላይ ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች፣ ከሌላቸው ይልቅ በቁመት የተሻሉ ሆነው እንደ ተገኙ ያስረዳል። ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድሩበት ግን የልጆቹ ቁመት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲህ ዶሮዋ በረከት ናት፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከአያያዙ ነው።

ደግሞ አጥር አጥሮ መተው ብቻውን አይበቃም። በዚያው በሊማ ሌላ ጥናት ተደርጎ በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። ለዶሮዎች በረት የተሠራላቸው ቤተሰቦች ልጆች በካምፒሎባክተር ተቅማጥ የተያዙት፣ በረት ካልተሠራላቸው ይልቅ በዝተው ተገኙ። ነገሩ ቢያስገርምም ትምህርቱ ግልጥ ነው፤ ወፎች በአንድ ቦታ ሲታጎሩ ኩሱም በአንድ ቦታ ይከማቻል። በረቱ ካልተጠረገና ልጅ እንዳይገባበት ካልተዘጋ፣ ጀርም የምናከማችበት ጎተራ ይሆናል።

የወፎቹን ውሃ እንዴት እናዘጋጅ?

1ኛ. ለወፎች የራሳቸው የሆነ የውሃ ዕቃ ይኑራቸው። ገል ቢሆን፣ የተሰበረ ማድጋ ቢሆን፣ አሮጌ ሳሕን ቢሆን ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ሰው የሚጠጣበት ወይም የሚበላበት ዕቃ ከቶ አይሁን። ዕቃውን ቤት ውስጥ ወይም ደጃፍ ሳይሆን ሕፃን በማይደርስበት ጓሮ ማስቀመጥ ይገባል። አንዲት ዶሮ በቀን የምትጠጣው ከአንድ ሊትር ሩብ ያህል ነው። ወፎቹ በጓሮ የሚበቃቸውን ካገኙ ጀሪካንና ጣሳ ፍለጋ ወደ ቤት መግባታቸው ይቀንሳል።

2ኛ. ወፎቹ ሊረግጡት የማይችሉት የውሃ ዕቃ በቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። አንድ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስና አራት ጣት ያህል ጥልቀት ያለው ሳሕን ይፈለጋል። ጠርሙሱን ከክዳኑ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ በጋለ ምስማር መብሳት ነው። ቀዳዳውን በጣት ደፍኖ ውሃ መሙላት፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ መዝጋት፣ ከዚያም ገልብጦ በሳሕኑ መካከል ማቆምና ከእንጨት ጋር ማሰር ይገባል። ውሃው ቀዳዳው እስኪሸፈን ድረስ ይፈስና ይቆማል፤ አየር ካልገባበት አይወርድምና። ወፎቹ ጠጥተው ውሃው ከቀዳዳው ዝቅ ሲል እንደገና ጥቂት ይወርዳል። ቀዳዳው ሁልጊዜ ከሳሕኑ ከንፈር በታች መሆን አለበት፤ አለዚያ ውሃው ሁሉ ይፈሳል። ጫጩት ካለ ሰጥሞ እንዳይሞት በሳሕኑ ውስጥ ንጹሕ ጠጠር መጨመር ይበቃል።

3ኛ. ለዳክዬና ለዝይ ግን ይህ ዓይነቱ ዕቃ አይሆንም፤ ራሳቸውን መንከር አለባቸውና። ለእነርሱ አሮጌ ጀሪካን በጎኑ ራሳቸው ብቻ የሚገባበት ቀዳዳ ተከፍቶለት ቢቆም ጥሩ ነው። ራሱን ያስገባል፤ በእግሩ ግን አይገባበትም። ከዕቃው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ በድንጋይና በጠጠር መሙላት ይገባል፤ የፈሰሰው ውሃ በጠጠሩ በኩል ይሰርጋል እንጂ ጭቃ አይሆንም። መኖውንና ውሃውን ጥቂት ማራራቅም የሚደፈርሰውን ውሃ ይቀንሳል።

4ኛ. የወፎች ውሃ በየቀኑ ይለወጥ፤ ዕቃውም ይታጠብ። የተደፋው ውሃ ለጌሾና ለዛፍ ሥር ይጠቅማል። ለሰላጣና በጥሬው ለሚበላ አትክልት ግን ማጠጣት አይገባም። ውሃውን ከምንጭ በላይ ባለው ዳገት ላይ መድፋትም ክልክል ነው።

5ኛ. ዳክዬንና ዶሮን ከአንድ ዕቃ አታጠጡ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ዳክዬን ብዙም ሳይጎዳው በላዩ ሊኖር ይችላል፤ ወደ ዶሮዎቹ ሲተላለፍ ግን መንደሩን ያራቁታል። የፈንግል ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ባለው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ስለሚሠራ፣ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይጠቅማል።

ማደሪያቸው የት ይሁን?

በሰሜን ተራራ ግርጌ ሌሊቱ ብርድ ነው። ሸለምጥማጥ አለ፤ ሌባም አይጠፋም። ሰዎች ዶሮዎቻቸውን ከቤት ቆጥ ላይ የሚያሳድሩት በስንፍና ሳይሆን በዚህ ምክንያት መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ከቆጡ የሚወርደው ኩስ በመደቡ፣ በውሃው ዕቃና በምግቡ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳ ውጭ ተጠግቶ ትንሽ የዶሮ ቤት መሥራት ይሻላል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ግድግዳው ጥሩ ሆኖ ይመረግ፤ በሩ ጠንካራ ይሁን፤ ለአየርም ከላይ ትንሽ ክፍተት ይተውለት። ወለሉ ላይ አመድ ቢነሰነስ እርጥበቱን ይመጣል። ኩሱ በየጊዜው ተጠርጎ በጉድጓድ ከገለባና ከቅጠል ጋር ይብላላ፤ ሲበስል ለእርሻ መልካም ማዳበሪያ ይወጣዋል። የጠረገ ሰው እጁን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለም በአመድ ይታጠብ። እንቁላል የሰበሰበም፣ ዶሮ ያረደና የገነጠለም እንዲሁ።

የሰው ውሃ እንዴት ይጠበቅ?

ጀሪካን ክዳኑ ከጠፋ ወዲያው ሌላ ክዳን ይፈለግለት። እንስራና ጋን ይከደኑ። የውሃ ዕቃ ሁሉ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ወይም ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ከሰፊ ዕቃ በጣሳ ከመጥለቅ ይልቅ ከጠባብ አፍ መቅዳት ይሻላል፤ መጥለቅ ግድ ከሆነም እጀታ ያለው መቅጃ ይኑር፤ ሥራውን ሲጨርስም ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ መሬት ላይ አይጣል። ዶሮ የጠጣችበት ውሃ ለመጠጥ አይሁን፤ ለእርሷው ለራሷ ይሰጥ፤ ስለዚህም ልፋታችሁ በከንቱ አልቀረም።

ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ ማፍላት ነው። እዚህ ላይ የደጋ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ያህል ነው። ጀርሙ በዚህም ሙቀት ይሞታል፤ ነገር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይመከራል። ከዚያም በዚያው ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ።

ማገዶ የጠበበበት ሰው ውሃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን መድኃኒት መጠቀም ይችላል። መጠኑ በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ይሁን፤ ከመጠጣቱም በፊት 30 ደቂቃ ይቆይ። የደፈረሰ ውሃ ግን አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጣራ፤ ክሎሪኑ ጭቃውን ሲታገል ኃይሉ ያልቃልና ጀርሙን አይገድልም።

ምንጩንም አንርሳ። ቤት ውስጥ ብንጠነቀቅ ምንጩ ላይ ከብትና ዶሮ ከዋሉ ድካማችን ግማሽ ነው። ምንጭ በአጥር ይከለል፤ ከበላዩ የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ይቆፈር፤ ይህም በተለይ በክረምት ወራት ያስፈልጋል። የእንስሳት በረትና መጸዳጃ ቤት ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቀው፣ ከምንጩም በታች ባለው በኩል ይሁኑ።

ልጁ ከታመመስ?

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጡት ማጥባትን አታቋርጡ። ስድስት ወር ላለፈው ምግቡንም አትከልክሉት። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት በጥቂት ስጡት፤ ዚንክም የሚታዘዝለት ከሆነ እስከ መጨረሻው ይውሰድ። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ወይም በተቅማጡ ደም ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲቋቋም ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች የሚሠለጥኑት በሽታን ከአልጋ ላይ ለማከም ብቻ ሳይሆን፣ ከጓሮና ከምንጭ ላይ ለማስቀረት ጭምር ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ይህንኑ ያስተምራሉ። ነገር ግን ሠራተኛዋ በወር አንድ ቀን ብትመጣ፣ ዶሮዋና ሕፃኑ ግን በየቀኑ አብረው ናቸው። የጠባቂነቱ ሥራ የቤተሰቡ ነው።

ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም፤ አንድ አሮጌ ጠርሙስ፣ አንድ ሳሕን፣ አንድ ክዳን፣ ጥቂት አመድ፣ የአንድ ቀን የጭቃ ሥራ ነው። የቀድሞዎቹ የጤና አስተማሪዎች «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚሉት ነገር ዛሬም አላረጀም። ያቺ ልጅ ዳገቱን ወጥታ ያመጣችው ውሃ ወንድሟን እንዲያሳድገው እንጂ እንዳያሳምመው፣ ዛሬውኑ ጣሳውን ከመሬት አንሡት፤ ለዶሮዋም በጓሮ የራሷን ውሃ አስቀምጡላት።